ሥራውን ያመጣው ማን ነው?

ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሰን ግዛት ማውንት ፕሌዛንት በምትባል መንደር የሦስት ታላላቅ ሰዎች እጅ ወርቃማ አካፋ ጨብጧል፦ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ፣ የግዛቲቱ አገረ ገዢ የስኮት ዎከርና የታይዋኑ ፎክስኮን ኩባንያ መሥራች የቴሪ ጎው። በዚያ መሬት ላይ የቴሌቪዥን ስክሪን ፋብሪካ ይቆማል፤ ኩባንያው 10 ቢሊዮን ዶላር ያፈስበታል፤ 13 ሺህ ሰው ሥራ ያገኝበታል ተባለ። ግዛቲቱም በበኩሏ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የታክስ ማበረታቻ ልትሰጥ ፈረመች። መሬቱን ለማስለቀቅ ሲባል ነዋሪዎች ቤታቸውን እየሸጡ ወጡ፤ መንገዱም ሰፋ።

አምስት ወር ሳይሞላ ምርጫ መጣና ዎከር ተሸነፉ። ለፖለቲከኞች ግራ የሚያጋባው፣ በዚያ ሰሞን የዊስኮንሰን የሥራ አጥነት መጠን 3 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ግዛቲቱ እንዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር ያየችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ተተኪያቸው ዴሞክራቱ ቶኒ ኤቨርስ በ2021 ውሉን እንደገና ተደራደሩ። 13 ሺህ የነበረው የሥራ ቁጥር ወደ 1,454፣ ማበረታቻውም ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ተስፋው እንዲህ ሲተን ግን የግዛቲቱ የሥራ አጥነት መጠን አልናረም። የወረርሽኙ ዓመት ካለፈ በኋላ ተመልሶ 3 በመቶ አካባቢ ረጋ። ፋብሪካው ይመጣል ሲባልም፣ ሳይመጣ ሲቀርም፣ ቁጥሩ የራሱን መንገድ ሄደ።

ታዲያ የሥራ አጡን ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማን ነው? አሜሪካ ውስጥ የአገረ ገዢ ምርጫ በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። ቁጥሩ ሲወርድ አገረ ገዢው ደረቱን ነፍቶ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ሲወጣ ተቃዋሚው ጣቱን ይቀስርበታል። ዎከር ራሳቸው በ2010 ሲወዳደሩ በአራት ዓመት ውስጥ 250 ሺህ ሥራ እንዲፈጠር አደርጋለሁ ብለው ነበር፤ አራቱ ዓመት ሲያልቅ ግን ቁጥሩ አልሞላም። ያም ሆኖ በ2014 ተመረጡ። በ2018 ደግሞ ሥራ በሞላበት ዓመት ወደቁ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይገባል። የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦችን ያስጠይቃል። ሥራ አጥ ተብሎ የሚመዘገበው ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ፈልጎ ፈልጎ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ የተቀመጠ ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ ቁጥሩ በሁለት መንገድ ሊወርድ ይችላል፤ ሰዎች ሥራ ሲያገኙም፣ መፈለግ ሲያቆሙም። ዌስት ቨርጂኒያን የመሰለ፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ የተዳከመበትና ሕዝቡ ያረጀበት ግዛት ዝቅተኛ የሥራ አጥነት መጠን የሚያስመዘግብባቸው ጊዜያት አሉ። ነገር ግን ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ ሥራ ላይ ያለውና ሥራ የሚፈልገው ተደምሮ 55 በመቶ አካባቢ ነው፤ የአገሪቱ አማካይ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ። የዚህ ግዛት አገረ ገዢ «ሥራ አጥነትን ቀነስኩ» ቢል ቁጥሩ ይደግፈዋል፤ የሰዉ ኑሮ ግን አይደግፈውም።

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በጥቅምት 2009፣ የአሜሪካ የሥራ አጥነት መጠን 10 በመቶ ሲደርስ ኖርዝ ዳኮታ 4 በመቶ አካባቢ ነበረች። ከዚያም ወደ 3 በመቶ ወረደች። ዊሊስተን በተባለችው ከተማ ከየግዛቱ የመጣ ሥራ ፈላጊ የሚከራየው ክፍል አጥቶ በዋልማርት መደብር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ ያድር ነበር። ክረምቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት በዚያ አገር! የግዛቲቱ አስተዳዳሪዎች ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ፓርቲያቸውም ዝቅተኛ ታክስና ልል ደንብ ምን ያህል ሥራ እንደሚፈጥር ለማሳየት ኖርዝ ዳኮታን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳት ነበር።

ሥራውን የፈጠረው ግን ከመሬት በታች የነበረው ነው። ባከን በተባለው የዓለት ንብርብር ውስጥ ያለውን ነዳጅ፣ ጉድጓዱን ወደ ጎን በመቆፈርና ዓለቱን በውኃ ግፊት በመሰነጣጠቅ ማውጣት ተቻለ። በ2012 ኖርዝ ዳኮታ አላስካን ቀድማ ከቴክሳስ ቀጥሎ ሁለተኛዋ የነዳጅ አምራች ግዛት ሆነች። ከ2014 አጋማሽ በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲያሽቆለቁል የቁፋሮ ማማዎቹ ተነቀሉ፤ ሠራተኛውም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ያኔም ግዛቲቱን ያስተዳድር የነበረው ያው ፓርቲ ነው።

ጀስቲን ወልፈርስ የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ይህንን ከመራጩ አንጻር መርምሮ ነበር። ያገኘው ውጤት የሚያሳዝን ነው። ነዳጅ በሚያመርቱ ግዛቶች የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ሕዝቡ በሥልጣን ላይ ያለውን አገረ ገዢ መልሶ ይመርጣል፤ ዋጋው ሲወድቅ ያወርደዋል። የነዳጅን ዋጋ የሚወስነው ደግሞ በኖርዝ ዳኮታ ዋና ከተማ በቢስማርክ ወይም በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን ያለው ቤተ መንግሥት አይደለም። ዝናብ በጣለበት ዓመት ሹሙን አመስግኖ በድርቁ ዓመት እንደመሻር ያለ ነገር ነው።

ሚቺጋን የዚህ ተቃራኒ ዕጣ የደረሳት ግዛት ናት። ዴሞክራቷ ጄኒፈር ግራንሆልም በጥር 2003 ሥልጣን ሲይዙ የመኪና ኢንዱስትሪው መታመም ጀምሮ ነበር። ጀነራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር ገበያውን ለጃፓን ኩባንያዎች እየለቀቁ ነበር። ግራንሆልም ሥራ ፍለጋ ጃፓንና አውሮፓ ድረስ ተጓዙ፤ ከሥራ የተባረሩትን በማሠልጠኛ ተቋማት ነፃ ትምህርት የሚያስገኝ ፕሮግራም ጀመሩ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ፋብሪካዎችን ለመሳብ ደከሙ። ከዚያ 2008 መጣ። በዓመት ወደ 16 ሚሊዮን ይሸጥ የነበረው አዲስ መኪና በ2009 ከ11 ሚሊዮን በታች ወረደ። የሚቺጋን የሥራ አጥነት መጠን 14 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ ከሃምሳዎቹ ግዛቶች ሁሉ የከፋው ነበር። ግራንሆልም በግዛቲቱ ታሪክ የኢኮኖሚ ውድቀት ምልክት ሆነው ቀሩ።

ተተኪያቸው ሪፐብሊካኑ ሪክ ስናይደር ናቸው፤ በሙያቸው የሒሳብ ባለሙያ፣ ቀድሞ የኮምፒዩተር ኩባንያ መሪ የነበሩ። በጥር 2011 ሲገቡ ቁጥሩ መውረድ ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ ወደ 4 በመቶ አካባቢ ወረደ። ስናይደር የድርጅቶችን ታክስ አቅልለዋል፤ የሠራተኛ ማኅበራትን የሚያዳክም ሕግም ፈርመዋል። እነዚህ ምንም አልሠሩም ማለት አይቻልም። ዋናው ነገር የተከናወነው ግን ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከላንሲንግ ውጭ ነበር። በታኅሣሥ 2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለጀነራል ሞተርስና ለክራይስለር የ17.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀዱ፤ በ2009 ደግሞ የባራክ ኦባማ አስተዳደር ሁለቱን ኩባንያዎች በኪሳራ ሕግ ውስጥ አሳልፎ መልሶ አቆማቸው። አሜሪካውያን እንደገና መኪና መግዛት ሲጀምሩ ሚቺጋን ተነሣች። ግራንሆልም የወቀሳውን ያህል ጥፋተኛ አልነበሩም፤ ስናይደርም የምስጋናውን ያህል ባለውለታ አይደሉም።

በሚቺጋን ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይነገር ሌላ ነገር አለ፤ ስደቱ። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው የሕዝብ ቁጥር የቀነሰባት ብቸኛዋ ግዛት ሚቺጋን ነበረች። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ኦሊቪየ ብላንሻርና ሎረንስ ካትዝ በ1992 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ይህን አስቀድመው አሳይተዋል። አንድ ግዛት በኢኮኖሚ ሲመታ የሥራ አጥነት መጠኑ ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው የሚመለሰው በአብዛኛው አዲስ ሥራ ስለሚመጣ ሳይሆን ሥራ ያጣው ሰው ለቆ ስለሚሄድ ነው። ዲትሮይት ውስጥ ቤቱን ቆልፎ ወደ ቴክሳስ የተጓዘ ሰው ከሚቺጋን የሥራ አጦች ዝርዝር ይወጣል። ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጎዳናው ባዶ ይቀራል።

ለኢትዮጵያውያን በጣም ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ኔቫዳ ነው። በላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ ታክሲ የሚነዱ፣ በካዚኖና በሆቴል የሚሠሩ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ። በመጋቢት 2020 አገረ ገዢው ስቲቭ ሲሶላክ ካዚኖዎቹ እንዲዘጉ አዘዙ። ሌሊትና ቀን የማይለይበት የካዚኖዎቹ ጎዳና ጨለመ። አውሮፕላን ማረፊያው ሰው ሲያጣ ባለታክሲው ተሳፋሪ አጣ፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ ባለምግብ ቤቱ ማታ ማታ የሚመጡ ሹፌሮችን አጣ። በሚያዝያ የኔቫዳ የሥራ አጥነት መጠን ወደ 30 በመቶ ተጠጋ፤ በአገሪቱ ከፍተኛው ነበር። ካዚኖዎቹ በሰኔ መጀመሪያ ተከፈቱ፤ እንግዳው ግን ወዲያው አልመጣም።

ሲሶላክ ዴሞክራት ናቸው፤ በ2022 በጠባብ ልዩነት በሪፐብሊካኑ ጆ ሎምባርዶ ተሸነፉ። በዚያ ዓመት መልሰው ለመመረጥ ከተወዳደሩት አገረ ገዢዎች ሁሉ በጠቅላላ ምርጫ የወደቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሎምባርዶ ከገቡ በኋላ ምን ሆነ? በ2023ና በ2024 ኔቫዳ በብዙዎቹ ወራት ከግዛቶች ሁሉ ከፍተኛውን የሥራ አጥነት መጠን ይዛ ቀጠለች። ወደ ኋላ ቢኬድም ታሪኩ ያው ነው። በ2010 የቤት ግንባታው ገበያ በተንኮታኮተበት ጊዜም ኔቫዳ የመጨረሻውን ደረጃ ይዛ ነበር፤ ያኔ ያስተዳድሩ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ጂም ጊበንስ ነበሩ። ፓርቲ ሲቀያየር ያልተቀየረው ነገር፣ ግዛቲቱ በቱሪስትና በግንባታ ላይ ተንጠልጥላ መኖሯ ነው። ሰዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው በመጀመሪያ የሚተዉት የላስ ቬጋስን ጉዞ ነው።

«ካዚኖውን ባይዘጉት ኖሮስ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኦስተን ጉልስቢና ቻድ ሲቨርሰን በዚያው በ2020 መልስ ፈልገውለታል። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ በሚሲሲፒ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ተጎራባች ከተሞች ናቸው። በኢሊኖይ በኩል ያሉት ሞሊንና ሮክ አይላንድ ዴሞክራቱ አገረ ገዢ «ከቤት አትውጡ» ያሉባቸው፣ በአይዋ በኩል ያለችው ዳቨንፖርት ደግሞ ሪፐብሊካኗ አገረ ገዢ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያላወጡባት ናት። ሁለቱ ተመራማሪዎች በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉ ተጎራባች አካባቢዎችን ከስልክ መረጃ እያነጻጸሩ ወደ ሱቅና ምግብ ቤት የሚሄደውን ሰው ቆጠሩ። የደንበኛው ፍሰት በ60 በመቶ ነጥብ ወርዶ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በመንግሥት ትእዛዝ የመጣው 7 ነጥብ ብቻ ነው። ሌላው የመጣው ሰው በራሱ ፈርቶ ቤቱ በመቅረቱ ነው።

ፓርቲን በቀጥታ የሚመለከት ጥናትም አለ። አውስትራሊያዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ አንድሩ ሊ ከ1941 እስከ 2002 ያለውን የግዛቶች መረጃ ሰብስቦ፣ በተለይም አንገት ለአንገት ተናንቀው በጥቂት ድምፅ የተለያዩ እጩዎችን ለይቶ አየ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በጥቂት ድምፅ ዴሞክራት የመረጠ ግዛትና በጥቂት ድምፅ ሪፐብሊካን የመረጠ ግዛት ከምርጫው በፊት ተመሳሳይ ናቸውና፣ ከምርጫው በኋላ የሚታየው ልዩነት ከአገረ ገዢው የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ከመረመራቸው 32 መለኪያዎች በ26ቱ ላይ የፓርቲው ማንነት ሊታመን የሚችል ለውጥ አላመጣም። ሥራ አጥነት ግን ልዩነት ከታየባቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፤ በዴሞክራት አገረ ገዢዎች ዘመን በመጠኑ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ዴሞክራቶች ይህንን በደስታ ሊጠቅሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ኔቫዳንና ኖርዝ ዳኮታን ከሚለያያቸው ገደል አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ነገር ነው።

አገረ ገዢው ይህን ያህል አቅመ ቢስ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ አያትምም፤ የወለድ ምጣኔን የሚወስነው ዋሽንግተን ያለው ፌዴራል ሪዘርቭ ነው። ከቬርሞንት በቀር ሁሉም ግዛቶች ማለት ይቻላል በጀታቸውን እንዲያመጣጥኑ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ ኢኮኖሚው ሲታመም፣ መንግሥት ገንዘብ ማፍሰስ በሚገባው ሰዓት፣ ግዛቱ መምህሩንና የቢሮ ሠራተኛውን ይቀንሳል። ከ2008 በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የግዛትና የከተማ መንግሥታት ሠራተኞች ሥራቸውን ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ለአገረ ገዢዎቹ የሚቀራቸው አንዱ መሣሪያ ኩባንያ ማባበል ነው። ካንሳስ ሲቲ ይህ ወዴት እንደሚያደርስ የታየባት ከተማ ናት። ከተማዋ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ስቴት ላይን የተባለው መንገድ አንዱ ጠርዝ ካንሳስ፣ ሌላው ሚዙሪ ነው። ሁለቱ ግዛቶች ለዓመታት በታክስ ቅናሽ እየተሻሙ ኩባንያዎችን ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሲያመላልሱ ኖሩ። የሲኒማ ቤቶች ባለቤቱ ኤኤምሲ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሚዙሪ ወደ ካንሳስ አዛወረ፤ ብዙዎቹ ሠራተኞች ግን በዚያው ቤታቸው እየኖሩ ጠዋት ጠዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ ከመንዳት በቀር የተለወጠባቸው ነገር አልነበረም። በሁለቱም ወገን አገረ ገዢዎች ሪባን ቆርጠዋል፤ በሁለቱም ወገን «ይህን ያህል ሥራ አመጣን» ተብሎ መግለጫ ወጥቷል። ከተማዋ በጠቅላላው ያገኘችው ሥራ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የትምህርት ቤትና የመንገድ ገንዘብ ግን ባክኗል። በ2019 የሚዙሪው ሪፐብሊካን ማይክ ፓርሰንና የካንሳሷ ዴሞክራት ሎራ ኬሊ ይህን ሽሚያ ለማስቆም ተስማሙ። ከፓርቲ በላይ የሆነ አስተዋይነት ነው።

አገረ ገዢ በእርግጥ ለውጥ ያመጣበት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬው የሚታየው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ኖርዝ ካሮላይና በ1950ዎቹ በትምባሆ፣ በጨርቃ ጨርቅና በቤት ዕቃ ሥራ የምትተዳደር ድሃ ግዛት ነበረች። አገረ ገዢው ሉተር ሆጅስ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለውን የጥድ ጫካ የምርምር ማዕከል ለማድረግ ተነሡ፤ በ1959 ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ ተመሠረተ። ለጥቂት ዓመታት አብዛኛው ጫካ ጫካ ሆኖ ቆየ። አይቢኤም የመጣው በ1965 ነው፤ ሆጅስ ከሥልጣን ከወረዱ ከአራት ዓመት በኋላ። ዛሬ እዚያ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይሠራል። በሆጅስ ዘመን በወጣ ወርሃዊ የሥራ አጥነት ሪፖርት ውስጥ ይህ ሁሉ አንዲት ነጥብ እንኳ አልጨመረላቸውም።

አገረ ገዢውና የግዛቱ ምክር ቤት ወዲያው ለውጥ ማምጣት የሚችሉት ደግሞ ሥራ ያጣው ሰው በሚደርስበት ነገር ላይ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «አንኢምፕሎይመንት» የሚሉትን ክፍያ መጠንና የሳምንታቱን ብዛት የሚወስነው ግዛቱ ነው። ፖለቲካው እውነተኛ ልዩነት የሚፈጥረውም እዚህ ላይ ነው፤ የምርጫ ዘመቻዎች ግን ብዙም አያነሱትም።

በ2013 ኖርዝ ካሮላይና በአገረ ገዢ ፓት መክሮሪ ዘመን ክፍያውን ከሳምንት 535 ዶላር ጣሪያ ወደ 350 ዝቅ አደረገች፤ ሳምንታቱንም አሳጠረች። በዚህም ምክንያት ፌዴራሉ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ሥራ አጦች ይሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ክፍያ ያጣች ብቸኛ ግዛት ሆነች። ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ። ደጋፊዎቹ «ይኸው፣ ሰው ሥራ ገባ» አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ «ሰው መፈለጉን አቆመ» አሉ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። በ2021 ግማሽ ያህሉ ግዛቶች፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም በሪፐብሊካን የሚመሩ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የተጨመረውን የ300 ዶላር ሳምንታዊ ድጎማ ከጊዜው በፊት ሲያቋርጡም ክርክሩ ተደገመ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጥቂቶች ፈጥነው ሥራ ገቡ፤ አብዛኞቹ ግን ገንዘቡን አጡ እንጂ ሥራ አላገኙም።

ፍሎሪዳ በ2011 በሪፐብሊካኑ ሪክ ስኮት ዘመን የክፍያውን ጊዜ ከ26 ሳምንት ቀንሳ፣ የግዛቲቱ ሥራ አጥነት ዝቅ ባለ ጊዜ 12 ሳምንት ብቻ እንዲሆን ደነገገች። ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ አዲሱ የኮምፒዩተር ሥርዓትም ከ2013 ጀምሮ በችግር የተሞላ ነበር። በሚያዝያ 2020 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንዴ ሲገቡበት ተንኮታኮተ። ሃያሊያ በተባለችው የሠራተኞች ከተማ፣ ሰው ሁሉ «ተራራቁ» በሚባልበት ሰሞን፣ የሆቴል አስተናጋጆችና የጽዳት ሠራተኞች የወረቀት ቅጽ ለማግኘት በቤተ መጻሕፍት ደጅ ተሰለፉ። አገረ ገዢው ሮን ደሳንቲስ ራሳቸው ሥርዓቱን ነቀፉ፤ እሳቸውም የወረሱት ነበርና።

የፍሎሪዳ የክፍያ ጣሪያ በሳምንት 275 ዶላር ነው፤ ከ1998 ጀምሮ አልተነካም። በማሳቹሴትስ ጣሪያው ከ1,000 ዶላር አልፏል፤ ጊዜውም 26 ሳምንትና ከዚያ በላይ ነው። ቦስተን ውስጥ ኑሮ ውድ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ማያሚም ግን ርካሽ አይደለችም። በአንድ ቀን ከሥራ የተሰናበቱ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ጣሪያውን የሚያስገኝ ደመወዝ ሲበሉ የነበሩ፣ ሥራ ሳያገኙ ቢቆዩ የማያሚው በድምሩ 3,300 ዶላር፣ የቦስተኑ ከ26 ሺህ ዶላር በላይ ያገኛል። በየወሩ የሚወጣው የሥራ አጥነት መጠን ሁለቱንም እኩል፣ እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸዋል።